ስምንት ፊደል ብቻ

ሹራብ ፋብሪካው ውስጥ ሰው ሳይጮህ የሚነጋገርበት ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ የንድፍ ክፍሉ። በሩ ሲዘጋ የማሽኖቹ ጩኸት የሩቅ ዝናብ ይመስላል። እዚያ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከእርጅና ብዛት ቀለሙ ወደ ቢጫ የዞረ አንድ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ሲከፈት ያጓራል፣ ያስላል፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ጥቁር ማያው ላይ ነጭ ጽሑፍ እየደረደረ ይነሳል። የሚነሳበት ሲስተም ከተተወ ብዙ ዘመኑ ነው። የሠሩት ሰዎች እንኳ «ከእንግዲህ አናውቀውም» ብለው ፊታቸውን አዙረዋል። የሹራብ ንድፍ ማውጫው ፕሮግራም ግን ከዚያ ሲስተም ሌላ ቤት አያውቅም፤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጭኑት እንደ ድንጋይ ዝም ይላል። ስለዚህ የፋብሪካው አበባ፣ የፋብሪካው ሰረዝ፣ የሕፃናቱ ሹራብ ላይ የሚዋኙት ዳክዬዎች ሁሉ የሚወለዱት ከዚያ ከሚያስለው ሣጥን ነበር።

ሣጥኑን በሕይወት የሚያቆየው አንድ ቴክኒሻን ነው። ሰው የጣለውን ሁሉ እየለቀመ ስለሚያነሳ ሠራተኛው «ሙዚየም» የሚል ስም አወጣለት። ቀጭን ነው፤ ኪሱ ሁልጊዜ ብሎን ስለሞላው ሲራመድ ይንሿሿል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፤ ምሳውን ግን እስካሁን እናቱ ናት የምትቋጥርለት።

ሣጥኑ ፊት ተቀምጣ የምትሠራው ደግሞ የባለፋብሪካው አንድያ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ግን ዛሬም «ድንቡሼ» ነው የሚላት። ሠራተኛው በፊቷ «እትዬ»፣ ከኋላዋ «ድንቡሼ» ይላታል። ሩቅ ከተማ ንድፍ ተምራ ከተመለሰች ገና አንድ ዓመት ተኩሏ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሙዚየም ከዚያ አሮጌ ሲስተም ጋር ብቻ የሚስማማ ጨዋታ ከፈተላት። ለሁለት ሰው በአንድ ኪቦርድ ነው፤ አንዱ ፋኖስ ይዞ በጨለማ ቤት ውስጥ ይሄዳል፣ ሌላው ከፊት ከፊቱ ድልድይ ይዘረጋለታል። ድልድዩ ከዘገየ ፋኖስ ያዡ ገደል ይገባል። ያን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ገደል ከተተችው።

«ሆን ብለሽ ነው» አላት።

«ሆን ብዬማ ቢሆን አንድ ጊዜ ይበቃኝ ነበር።»

ጨዋታው ሲቆም የደረሱበትን ለማስቀመጥ ስም ይጠይቃል። ስሙ ከስምንት ፊደል መብለጥ አይችልም፤ በቃልና በቃል መካከል ክፍት ቦታም አይቀበልም። የዚያ ዘመን ማሽን ትዕግሥቱ እስከዚያው ነው። የእኛን ፊደል ጭራሽ አያውቅም ነበር፤ ሙዚየም ነው ወር ሙሉ ነጥብ በነጥብ እየሳለ ያስገባለት። ለምን እንዲህ እንደሚደክም ስትጠይቀው «ለጨዋታው ይሻላል» አላት፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ፊደሎቹ በገቡ ማግሥት ማሽኑን ስትከፍት ከተቀመጡት ስሞች ጫፍ ላይ «ዛሬሳቅሽአማረ» የሚል አገኘች።

አንብባ ማያውን በእጇ ሸፈነችው፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው እንደሌለ እንኳ ረስታ።

ከዚያ በኋላ በአፍ የማይደፈረው ሁሉ በስምንት ፊደል ይባል ጀመር። «ምሳበልተሃል» ትጽፋለች። «ካንቺጋርነዋ» ይመልሳል። ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ብሎን ነው። የባለፋብሪካ ልጅና የጥገና ሠራተኛ ከዚያ ወዲያ ምን ያወራሉ? በር አለ፣ መስኮት አለ፣ ዓይን ያለው ሠራተኛ ሁሉ አለ፤ ከሁሉም በላይ አባት አለ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠዋት አባቷ ወደ ክፍሉ ብቅ አለና «ሰኞ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ይገባሉ» አላት። «የሚያስፈልግሽን ንድፍ ለይተሽ ያዢ። ቀሪው ከነሣጥኑ ለብረት ቁርጥራጭ ገዢው ነው።»

እሷ መጀመሪያ ልታድን የፈለገችው ንድፉን አልነበረም። በዚያ ዕድሜ ማን ንድፍ ያድናል? ጨዋታውን ሳትከፍት በቀጥታ የተቀመጡትን ፋይሎች ዝርዝር ጠራች፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበር። ጨዋታው ስም ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ይህ ዝርዝር ግን ከስሙ ጎን የተጻፈበትንም ቀን ያወጣል። ከስሞቹ መካከል አንዱ አይታው የማታውቀው ነበር።

«አንቺንብቻነው።»

ልቧ ዘለለ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጎን፣ ወደ ቀኑ ሄደ። ዓመተ ምሕረቱ ያለፈ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት!

የዛሬ ስድስት ዓመት እሷ ይህን ክፍል በሩንም አታውቀው። ይህን ሰው አታውቀው። ምነው ዝርዝሩን ትንሽ ወረድ ብላ ባየችው! ግን የነደዳት ሰው መቼ ወረድ ብላ ታነባለች።

ክር ቆራጯ፣ መቀስ ከአንገቷ ስለማይወርድ «እትዬ መቀስ» የሚሏት፣ ናሙና ይዛ ገባች።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ?»

«እትዬ መቀስ፣ ከኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ ማን ነበረች?»

«ያቺ ረጅሟ ናታ! ውይ፣ ቁመና ብትይ ቁመና! አግብታ ሄደች እንጂ።»

«ሙዚየም ያኔ ነበረ?»

«ሙዚየም?» እትዬ መቀስ በሳቅ ፈረሰች። «እሱማ ከዚህ ክፍል መች ይወጣ ነበር! እሷ እያለች ኮምፒውተሩ በየቀኑ ይታመም ነበር። ስትሄድ ጊዜ ዳነ።»

ድንቡሼም አብራ ሳቀች። ሳቁ ግን እንደ ተውሶ ልብስ ነበር፤ የትም ቦታ አልገጠማትም።

*

አባቷ ቢሮ ስትገባ እሱ ወረቀት እየፈረመ ነበር።

«ጥሩ መጣሽ። አዲሱን ሲስተም የሚቆጣጠር ሰው ከኮምፒውተሮቹ አስመጪዎች ይላካል። ያንን ልጅ፣ ሙዚየሙን፣ እናቆየው ወይስ እናሰናብተው? የክፍሉ ሰው አንቺ ነሽ፤ ወስኚ።»

ይህን ሲል አላያትም። አባት የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ ሲጠይቅ ዓይኑን ወረቀት ላይ ነው የሚያሳርፈው።

እሷ ልትወስን አልነበረም የገባችው፤ ማልቀስ መጣባት። እናቷን በልጅነቷ ያጣች ልጅ ናት፤ ከአባቷ ሌላ ለማን ታልቅስ? ጨዋታውን ነገረችው፣ ስምንቱን ፊደል ነገረችው፣ ያቺን ረጅሟንም ነገረችው። «ለእሷ የጻፈው ነው፣ አባዬ! ቀኑን በዓይኔ አየሁት። ስድስት ዓመት! እኔ ያቺ የተወችለትን ወንበር ነው የሞላሁት።»

አባቷ መነጽሩን አወለቀ። በከረባቱ ጫፍ ጠረገው። ከጠረገው በኋላም ጠረገው። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«እንግዲህ አይተሻል» አለ በመጨረሻ።

«ይሂድ» አለች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ፈረቃው ሲቀየርና ማሽኖቹ ሁሉ ዝም ባሉበት ሰዓት፣ ሙዚየም የስንብት ደብዳቤውን ይዞ ወለሉን አቋርጦ መጣ። ኪሱ ውስጥ ያለው ብሎን ሁሉ ተሰማ። እሷ ክር መደርደሪያው አጠገብ ቆማ ነበር።

«ይሄ ያንቺ ቃል ነው ወይስ የአባትሽ?»

«የኔ።»

«ምን አደረግኩ?»

አርባ ሰው ቆሞ ይሰማል። እትዬ መቀስ መቀሷን ጨብጣለች። ያን ጊዜ «ለማን ነው የጻፍከው?» ብላ ብትጠይቀው በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን በአርባ ሰው ፊት ማን እንዲህ ይጠይቃል? ሰው ሲያፍር ከመጠየቅ መናገር ይቀለዋል፤ እሷም ተናገረች።

«ያለፈብህ ስለሆንክ! አንተም እንደዚያ ሣጥንህ ያለፈብህ ነህ። የሠራህም የተወህ!»

ስለ ማሽኑ ነበር ልትል ያሰበችው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን የት እንዳረፈ አየች። ሙዚየም የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በር ዘግቶ እንደወጣና እንዳልተመለሰ ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ የለም። አርባ ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

ሙዚየም ደብዳቤውን በአራት አጠፈው።

«የሠራኝ ትቶኛል፤ እውነት ነው» አለ። «ይኸው እስካሁን ግን እሠራለሁ። ሰው ስለተወው ብቻ የሞተ ነገር አላየሁም፣ እትዬ።»

በአንድ ዓመት ተኩል «እትዬ» ብሏት አያውቅም ነበር። ከስድቧ ሁሉ ይልቅ ያ አንድ አክብሮት ቤቷ ድረስ ተከተላት፤ እሑድን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

*

ሰኞ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ገቡ፤ ቀጫጭን፣ ጸጥ ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ። ማክሰኞ ከአስመጪዎቹ የተላከው ሰው፣ ጫማው እንኳ ከኮምፒውተሮቹ ጋር የሚመሳሰል ሰው፣ ያስቀመጠቻቸውን ንድፎች አንድ በአንድ ሞከረ።

«አይከፈትም። ይሄም አይከፈትም። እትዬ፣ እነዚህ እኮ በጣም አሮጌ ናቸው።»

«እንግዲያ ምን ይሁን?»

«ከዜሮ ይሣላሉ። ምን ችግር አለው?»

ምን ችግር አለው! የስንት ዓመት አበባ፣ የስንት ሕፃን ዳክዬ፣ እያንዳንዷ የክር ቀለበት በእጅ የተለቀመች። አሮጌው ሣጥን ለቁርጥራጭ ገዢው በገመድ ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ተንበርክካ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች።

«ኧረ እትዬ፣ ያንን ጥራጊ ምን ያደርግልሻል? እጅሽ ይቆሽሻል!»

«እጄን እታጠበዋለሁ።»

ጥፍሯ ተሰበረ፣ ገመዱ ግን ተፈታ። ሣጥኑን ሰካችው። አጓራ፣ አሰለ፣ አሰበ፣ ተነሳ። በመጀመሪያ የትኞቹ ንድፎች እንደሚሣሉ ለመለየት ዝርዝሩን ጠራች፤ አዲሶቹን ለማስቀደም በቀን ልትለያቸው ፈልጋ። ባለፈው ወር የጨረሰችው የክረምት ቅጠል የዛሬ ስድስት ዓመት ይላል። የመስከረሙም እንዲሁ። ግንባሯን ቋጠረች። እጇ ሳታዘው ወደ ጨዋታው ዝርዝር ሄደ፤ አሁን ወረድ አለች፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ሰው።

«ጉንፋንያዘኝ።»

ይህን የጻፈችው እሷ ናት። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ አንገቷን በናሙና ሹራብ ጠቅልላ። ቀኑ ልክ ነው፣ ወሩም ልክ ነው። ዓመቱ ብቻ ነው የዛሬ ስድስት ዓመት የሚለው። የዛሬ ስድስት ዓመት እሷ ሩቅ ከተማ ተማሪ ነበረች። እንግዲህ እሷም ሙዚየምን ከማወቋ በፊት ለሙዚየም ጉንፋኗን ጽፋለታለች ማለት ነው!

ወደ ላይ ተመለሰች። «አንቺንብቻነው።» ቀኑን አየችው፤ አሁን ዓመቱን ሳይሆን ቀኑን። ባለፈው ረቡዕ። እሷ ዝርዝሩን ከከፈተችበት ሐሙስ በፊት ያለው ማታ፣ ሠራተኛው ሲወጣ።

ለእሷ ነበር። ሰውዬው በአፉ የማይደፍረውን በመጨረሻ ደፍሮ፣ ስምንቱንም ፊደል ሞልቶ፣ አስቀምጦላት ሄዶ ነበር፤ እሷ ደግሞ በአርባ ሰው ፊት በአባቱ መታችው።

ምሳዋን ሳትበላ ወጣች። ዝናቡ ይወርዳል፤ ጥላ አልያዘች፣ አንገት ልብስ አልያዘች። አስመጪው ሰው «እትዬ፣ እትዬ!» እያለ እስከ በር ተከተላት። አንድ ስሜት ብቻ ደረቷ ውስጥ እየመታ ነበር፤ የፍቅርም የጸጸትም አልነበረም፣ የቁጣ ነበር፣ በራሷ ላይ።

*

ሙዚየም ከእናቱ ጋር የሚኖረው አንድ ጠባብ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው እናቱ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በሆስፒታል ልብስ እጥበት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ክንዷ እስካሁን የወንድ ክንድ ያህላል። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ውሃው ከፀጉሯ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

«አዎ፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝና…»

«የሹራብ ፋብሪካ ልጅ ሆነሽ ሹራብ አጣሽ?» ፎጣ ወረወረችላት። «ራስሽን አድርቂ። እኔ በተቀየምኩት ሰው ላይ የሳንባ ምች አልመኝም።» ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ «ያለፈበቱ!» ብላ ተጣራች። «እንግዳ መጥቶብሃል!»

ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ አሮጌ ማሽን ነው። እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የጥርስ ሐኪሙ፣ ፎቶ ማንሻ»፣ «የትምህርት ቤቱ ደወል»። ሌላ ቦታ «አበቃለት» የተባለው ሁሉ እዚህ እየሰራ ይንሾካሾካል። ሙዚየም መፍቻውን ይዞ ቆመ። አልተቀመጠም፣ ተቀመጪም አላላትም።

«ጉንፋን ያዘኝ ብዬ የጻፍኩልህ መቼ ነው?» አለችው ፎጣው ውስጥ ሆና።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት። ማርና ዝንጅብል አምጥቼልሽ ‹ብሎን ይሸታል› ብለሽ መለስሽልኝ።»

«ማሽኑ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው ይላል።»

ያን ጊዜ ሁሉም ገባው። ፊቱ ላይ አየችው፤ ስንብቱ፣ ስድቡ፣ ያቺ ሐሙስ። መፍቻውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የንድፍ ፕሮግራሙ ፈቃድ ካለቀ አምስት ዓመቱ ነው» አለ። «የሠራው ድርጅት ፈርሷል፤ የሚያድስልን ሰው የለም። ቀኑ ካለፈበት አልከፈትም ይላል። ስለዚህ ዓመት በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። እሱ ያንኑ አንድ ዓመት ደጋግሞ ይኖራል። የምናረጀው እኛ ነን።»

«ያቺ ረጅሟስ?»

«ያቺ ረጅሟ ያገባችው የኔን ጓደኛ ነው! እሷን ለማየት ሲመጣ ‹ረዳቴ ነው› እያልኩ አስገባው ነበር። እሱ እንዲቀመጥ እኔ ጤነኛ ማሽን ስፈታ ስገጥም እውል ነበር።»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«ታዲያ ስለ ሰዓቱ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለማንም እንዳልናገር ቃል ገብቼ ነበር። ገዢዎቹ ቢሰሙ በሐሰት ሰዓት የሚሠራ ፋብሪካ ይሉናል ተብዬ።»

«ማን ነው ቃል ያስገባህ?»

መፍቻውን ከጠረጴዛው መልሶ አነሳው።

«ሙዚየም፣ ማን ነው?»

«አባትሽ ናቸዋ። ሌላ ማን ሊያስገባኝ ኖሯል?»

መነጽሩ ታወሳት። የከረባቱ ጫፍ። የተከፈተውና መልሶ የተዘጋው አፍ። ወንበር አልነበረም፤ የትምህርት ቤቱን ደወል ተደግፋ ቆመች።

«እኔን ግን ስሚኝ» አለ ሙዚየም፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ለምን አልጠየቅሽኝም? አንድ ዓመት ተኩል ድልድይ ስዘረጋልሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ጥያቄ አይገባኝም ነበር?»

«ፈራሁ። ‹አዎ፣ ለእሷ ነው› ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።»

«ስለዚህ ቀድመሽ መታሽኝ።»

«አዎ። አፌን በቆረጠው! ስለ አባትህ ላወራ አልነበረም…»

«ያንን በአንድ ቀን ይቅር ልል አልችልም። ብዋሽሽ ምን ይጠቅምሻል?»

«አትዋሸኝ። ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«አላውቅም።» ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ግን ቀኑ እስኪሞላ ርቀሽ አትጠብቂኝ። እዚሁ ጠብቂኝ።»

እናቱ ከበሩ ጀርባ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ፤ ጉንፋን ግን አልያዛትም ነበር።

የመኪና ጥሩምባ ከታች ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ደረጃው ላይ ከባድ፣ አንዱ እግር ከሌላው የሚዘገይ እርምጃ ተሰማ። በሩ ተንኳኳ።

«ዛሬ ደግሞ ፋብሪካው በሙሉ እኔ ቤት ነው?» አለች እናቱ፣ ከፈተችም።

አባቷ ካፖርቱ ረጥቦ፣ ትንፋሹ ቆርጦ ቆሟል። ማሽኖቹን አየ፣ ወረቀቶቹን አየ፣ ሴት ልጁን አየ። ቴክኒሻኑን አላየውም።

«ድንቡሼ፣ ነይ እንሂድ። ልብስሽ ርሷል።»

«ታውቅ ነበር፣ አባዬ።»

«ቤት እንነጋገራለን።»

«የሰዓቱን ነገር ታውቅ ነበር። ፊትህ ቆሜ ሳለቅስ ታውቅ ነበር። አንድ ቃል ብትል ይበቃኝ ነበር፤ አንተ መነጽር ጠረግህ!»

ባለፋብሪካው ግድግዳውን ያዘ። በድንገት ያረጀ መሰለ።

«አንድ ልጅ ናት ያለችኝ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «እናቷ ስትሞት እጄ ላይ የቀረች አንድ ልጅ። አስተማርኩ፣ አሳደግኩ። ኪሱ ብሎን ለሆነ ሰው ልስጣት? ነገ ምን ሊያበላት?»

«የኔ ልጅ እናቱን አስርቦ አያውቅም!» አለች እናቱ ከማእድ ቤት።

«እማዬ፣ ተይ» አለ ሙዚየም።

«አባዬ፣ ማንም አይሰጠኝም፣ ማንም አይከለክለኝም። ዕቃ አይደለሁም። ሰዓቱን የመለሰው እሱ ነው፤ የዋሸኝ ግን ሰዓቱ አይደለም፣ አንተ ነህ።»

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። አባቷ ቀና አለ፤ በቢሮው ድምፅ፣ ሠላሳ ዓመት ሰው ባዘዘበት ድምፅ፣ ተናገረ።

«እንግዲያው ምረጪ። አሁን ከኔ ጋር ካልወረድሽ ነገ ፋብሪካው ደጃፍ እንዳላይሽ።»

ሙዚየም አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። እጇን ዘርግታ አቆመችው። ይህ የእሷ ነበር።

«ነገ በሰዓቱ እገባለሁ» አለች። «ያ ወንበር የሠራሁበት ነው፤ አባቴ ስለሆንክ አልተቀመጥኩበትም፣ አባቴ ስለተቆጣህም አልነሳም። ንድፎቹ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አይከፈቱም፤ አሮጌው እንደተሰካ ነው፣ ማንም እንዳይነካው። እሱንም እወደዋለሁ። ፊቱ ነው የምልህ፣ እስካሁን ለራሱም በአፌ ብዬው አላውቅም። አንተንም እወድሃለሁ። አንዳችሁንም አልመርጥም፤ አንዳችሁንም አልተውም። በሩን ከዘጋህብኝ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ሠራተኛው እንዲያየኝ፣ አንተም በየቀኑ ስትገባ እንድታየኝ!»

አባቷ ረጅም ጊዜ አያት። ልጁን ሳይሆን ሌላ ሰው፣ ድሮ የሚያውቃት አንዲት እልኸኛ ሴት ያየ ይመስል ነበር። ከዚያ ዞሮ ወደ ደረጃው ወጣ።

የአባቷ ጉልበት ለመውጣት ሳይሆን ለመውረድ ነው የሚከፋው። እሷ ታውቃለች፤ ቤት ውስጥ ደረጃ ሲወርድ ትከሻዋን የምትሰጠው እሷ ናት። የደረጃው መብራት ተቃጥሏል፣ ደረጃው በዝናብ ረጥቧል። ግን አሁን ብትወርድ እጇን ይዞ መኪናው ድረስ እንደሚወስዳት፣ እሷም እንደምትሄድለት ታውቃለች። የበሩን ጠርዝ ጨብጣ ቀረች።

ሙዚየም በአጠገቧ አልፎ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ። ክንድዎን ይስጡኝ።»

«ተወኝ!» የሚል ከጨለማው ተሰማ።

«አልተውዎትም፤ ደረጃው ያንሸራትታል። ነገ ያባሩኛል፣ አሁን ይያዙኝ።»

እርምጃው ቆመ። ድንቡሼ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ብዙ ቆየ፤ በዚህች ዝምታ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረች መሰላት። ከዚያ አንዱ ከሌላው የሚዘገየው እርምጃ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ግን ብቻውን አልነበረም፣ ሌላ ቀላል እርምጃ ከጎኑ እያዘገመ፣ በየደረጃው እየቆመ እየጠበቀው ይወርድ ነበር። ምን እንደተባባሉ፣ ተባብለውም እንደሆነ፣ አልሰማችም። በሩ ላይ ቆማ፣ ልብሷ ርሶ፣ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ እንዲህም በራሷ ኮርታ አታውቅም ነበር።